የገብስ ውሃና የጨረቃ ነገር፦ የሽንት ሕመም በባህላዊው ሕክምና ታሪክ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል ውስጥ ከበሽታ ጋር ያደረገው ግብግብ ከፍ ያለ ስፍራ ይይዛል። ይሁን እንጂ የዚህ ግብግብ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በታላላቆቹ በሽታዎች ስም ነው። ፈንጣጣው፣ ተስቦው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፣ ቤተ መንግሥትንና ጎጆን ሳይለዩ ስለ ገቡ ጸሐፊም መንገደኛም መዝግቧቸዋል። ሰውን በጅምላ የማይገድሉ፣ ነገር ግን ከዓመት ዓመት ሳይለቁ የሚያሠቃዩ ሕመሞች ግን ጸሐፊ አላገኙም። የሽንት ሕመም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ምልክቱ የታወቀ ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ ያጣድፋል፤ ሲወጣ ጠብ ጠብ ይላል፤ እንደ እሳት ይለበልባል፤ ከእምብርት በታች ይከብዳል። ሴትን ከወንድ ይልቅ ደጋግሞ ይይዛል። የዛሬው ሳይንስ እንደሚያስረዳው፣ የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የወንድ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከአንጀት የሚወጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ሴት ፊኛ ለመድረስ የሚጓዙት መንገድ አጭር ነው። በዓለም ላይ ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚይዛቸው ይገመታል። ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚያውቀው ሕመም በታሪክ ገጽ ላይ ስለ ምን ዝም ተባለ? ለዝምታውስ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? የባህላዊው ሕክምና ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

ብራናው የያዘውና ያልያዘው

በአገራችን ሕክምና ከጽሕፈት ጋር የተዛመደው ከቆየ ዘመን ጀምሮ ነው። መጽሐፈ መድኃኒት፣ መጽሐፈ ፈውስ፣ ዕፀ ደብዳቤ እየተባሉ የሚጠሩት ጽሑፎች ግዕዝና አማርኛ እየተቀላቀሉባቸው ተጽፈው ከደብተራ ወደ ደብተራ ሲተላለፉ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ በፓሪስ አሳተመ። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲንም የሕክምና ድርሳናቱን እ.ኤ.አ. በ1968፣ ስለ ዕፀዋት ስምና ጥቅም ያካሄደውን ጥናት ደግሞ በ1973 ለንባብ አበቃ። ከአገር ልጆችም ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ በሰሜን ኢትዮጵያ ስለሚገኙት የመድኃኒት ዕፀዋትና ስለ ፈውስ ልማዶች ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል።

የእነዚህ ጽሑፎች አቀራረብ የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ የሕመሙ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ ዕፁ ይሰየማል፤ ከዕፁም ሥሩ ወይም ቅጠሉ ወይም ልጡ ይለያል። ከዚያም ደርቆ ይወቀጣል ወይም እርጥቡ ይጨመቃል፤ በማር፣ በጠላ፣ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይጠጣል። አጭር፣ ትእዛዝ የመሰለ፣ ትርፍ ቃል የማይወድ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜም ከዕፁ ጎን የሚደገም አስማት ይጻፋል፤ ሥሩ የሚነቀልበት ቀንና ሰዓት፣ ነቃዩም ሰው ሳያናግር መሄድ እንዳለበት ይታዘዛል። የሽንት መከልከል በእነዚህ መጻሕፍት መድኃኒት ከተጻፈላቸው ሕመሞች አንዱ ነው።

ነገር ግን መጽሐፍ የጸሐፊውን ዓለም ይዞ ይወለዳል። የመድኃኒት መጽሐፍ የጻፈው ደብተራ ወንድ ነው፤ የሚማርለትም ደቀ መዝሙር ወንድ ነው። መድኃኒት አዋቂውም ቢሆን ዕውቀቱን የሚያወርሰው ብዙውን ጊዜ ለመረጠው ወንድ ልጁ ነበር። መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉን ያጣል የሚለው እምነት ዕውቀቱን በምሥጢር አጠረው። ምሥጢሩ ለባለቤቱ እንጀራና ክብር ሲያስገኝለት፣ ለዕውቀቱ ራሱ ግን መቃብር ሆኖበታል። ያልተነገረ ነገር አይፈተንም፤ ያልተፈተነም አይሻሻልም። ብዙ አዋቂ ዕውቀቱን ይዞ አፈር ገብቷል።

እቤት ውስጥ፣ በምድጃ ዳር፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የሴቶች ሕክምና ግን ምሥጢርም አልነበረም፣ ጽሑፍም አልሆነም። እንደ ሙያ አልተቆጠረምና ጸሐፊ አልቀረበውም። የሽንት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የታከመው በዚሁ ባልተጻፈው ሕክምና ነው።

ከጓዳ የወጣ መድኃኒት

የጓዳው መድኃኒት ከእህል ጎተራ የሚርቅ አይደለም። ገብስ ተፈትጎ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፤ ውሃው ተጠልሎ ለብ ሲል ይጠጣል። ተልባ ታምሶ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ ገለባው ከተለየ በኋላ ልጋጉ ይጠጣል። አብሽ ይነከራል፤ መራራው በተደጋጋሚ ታጥቦ ይወጣለታል፤ ከተመታ በኋላ በውሃ ቀጥኖ፣ ማር ጠብ ተደርጎበት ይቀርባል። ለተዳከመው ሰው ቀጭን አጥሚት ይሠራለታል። ለሕመሙ ደግሞ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእምብርት በታች ይደረጋል። ደገኛው ጦስኝ አፍልቶ ይጠጣል።

እነዚህን ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ገብሱም፣ ተልባውም፣ አብሹም፣ ጦስኙም በመልክና በጣዕም ይለያያሉ። ሁሉም ግን ውሃ ተሸክመው ወደ ሰውነት የሚገቡ ናቸው። ራሷን የምታስታምመው ሴት «ውሃ ብዙ ጠጪ» ተብላ ብቻ ብትመከር ምክሩን ከቁም ነገር ላትቆጥረው ትችል ነበር። የገብስ ውሃ አንድ እንስራ ቀርቦላት «ይህን እስከ ማታ ጨርሺ» ስትባል ግን መድኃኒት ወሰደች። እህሉ ለውሃው ክብር ሰጠው። በዚህ መንገድ የጓዳው ሕክምና ስሙን ሳይጠራ አንድ ትክክለኛ መሠረተ ሐሳብ ይዞ ኖረ፤ ፊኛን የሚያጥበው ብዙ ሽንት ነው።

ይህም የአገራችን ሴቶች ብቻ ግኝት አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም የሂፖክራተስ ወገኖች ጽኑ ሕመም ለያዘው ሰው የገብስ ሙቅ ያዝዙ ነበር። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ክራንቤሪ የተባለችውን ቀይ ፍሬ ለምግብም ለመድኃኒትም ተገልግለውባታል። ገበሬ በየአገሩ ከሚያመርተው ነገር መድኃኒቱን ሲፈልግ ኖሯል።

ሳይንስ ወደዚህ ጓዳ የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሕመሙ የሚደጋገምባቸውና በቀን ከ1.5 ሊትር በታች የሚጠጡ 140 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ለ12 ወራት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨምረው እንዲጠጡ ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ውሃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል። ስለ ክራንቤሪም እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ፣ ሕመሙ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ ድግግሞሹን እንደሚቀንስ አመልክቷል፤ የያዘውን ሕመም ግን ይፈውሳል አላለም። የጦስኝን ቅጠል በተመለከተ የአገራችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በአይጦች ላይ ሽንት እንደሚያበዛ ታይቷል።

ከዚህ ላይ ልዩነቱን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሽንት ማብዛት አንድ ነገር ነው፤ ተሕዋስያኑን መግደል ሌላ ነገር ነው። የገብስ ውሃ ሕመሙ እንዳይመላለስ ይረዳል፤ ጥቂቱን ያቀልላል። ሕመሙ ወደ ኩላሊት ከወጣ ግን የእንስራ ሙሉ የገብስ ውሃም አያቆመውም። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የጎን ውጋት፣ ማስመለስ፣ በሽንት ላይ ደም መታየት፣ በነፍሰ ጡር ወይም በሕፃን ላይ የታየ የሽንት ሕመም፣ እነዚህ ሁሉ ጓዳውን አልፈው ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ የተዘነጋ የሽንት ሕመም ፅንስን ያለ ጊዜው እስከ ማስወለድ ሊያደርስ ይችላል።

የጨረቃ ነገር

ጓዳው ሕመሙን በምን ማስታገሥ እንደሚቻል ከሞላ ጎደል ደርሶበታል። ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ነበር። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሲነገር የኖረው እምነት እንደሚለው፣ ወደ ጨረቃ ዞሮ ወይም ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሽንቱን የሸና ሰው ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ መግልም ይይዘዋል። ሌላውም ምች ነው፣ ብርድ ነው ይላል።

ይህን እምነት ድንቁርና ብሎ መናቅ ቀላል ነው። ነገር ግን እምነት ያለ ማኅበራዊ ጥቅም አይኖርም። የሽንት ማቃጠል የሚመጣው ከተራው የፊኛ ሕመም ብቻ ሳይሆን ከጨብጥም ጭምር ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በምርመራ እንጂ በዓይን አይደለም። ጨብጥ ደግሞ ከማን እንደ ተወሰደ ያስጠይቃል። በዚህ ጊዜ ጨረቃ ትጠራለች። ጨረቃ አትከራከርም፤ ምስክርም አትጠራም። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባልዋ «ጨረቃ ነው» ሲሉ ትዳሩ ለጊዜው ይሰነብታል። ተረቱ የነውር መሸፈኛ ነበር።

ሽፋኑ ግን ሕመሙንም አብሮ ሸፈነው። በሽታው ከጨረቃ ከመጣ ሁለቱ ባልና ሚስት አብረው መታከም እንዳለባቸው ማን ያስባል? ተራ የፊኛ ሕመም የያዛትም ሴት ሕመሟን ብትናገር ጨብጥ ነው እንዳትባል ትፈራለች። ጨብጥ የያዛትም ጨረቃን እየወቀሰች ማኅፀኗ እስኪጎዳ ትቆያለች። አንዱ ተረት ሁለቱንም በዝምታ ቆለፋቸው።

ዝምታው ሲጠናም ለብርቱ መድኃኒት በር ተከፈተ። ሰው በይፋ መናገር ያፈረበትን ሕመም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋለትን ነገር ይሻል። የእንዶድን ሥርና ፍሬ ለጨብጥ ብሎ መጠጣት የመጣው እንዲህ ነው። እንዶድ ሲበዛ ያስታውካል፤ አንጀት ያቃጥላል፤ እስከ መግደልም ይደርሳል። መጠኑ በጣት ጫፍ ወይም በቡና ስኒ የሚለካ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የሚለዋወጥ መድኃኒት በሐፍረት ተደብቆ ሲጠጣ ስሕተቱን የሚያርም ሰው አጠገቡ የለም።

የአድዋ ወንዝ ትምህርት

የዚያው የእንዶድ ታሪክ ሌላ ገጽ ደግሞ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመራመሩ አድዋ አጠገብ ወደሚገኝ ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከነበሩበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቢልሃርዚያ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው በወንዝ ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ስለዚህ ለዘመናት ሳሙና ሆኖ የኖረው ፍሬ የበሽታውን ድልድይ የሚያፈርስ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ሥራውን ቀጠሉ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ ከሽንት ሕመም ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። አንደኛ፣ ከቢልሃርዚያ ዓይነቶች አንዱ የሚኖረው በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ነው፤ ሽንትን በደም ያቀላል። በአገራችንም በአዋሽ ሸለቆ መካከለኛና ታችኛ ክፍል የታወቀ ነው። ደም የቀላቀለን ሽንት ምች ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የአድዋ ሴቶች ስለ ቀንድ አውጣ አልተመራመሩም፤ ግን ሥራቸው ለምርምር የሚበቃ እውነት ይዞ ነበር። እውነቱ እንዲወጣ ያስፈለገው ወንዙ ዳር ቆሞ የሚመለከት ዓይን ነው። ያው ተክል በጓዳ ተደብቆ ሲጠጣ መርዝ፣ በአደባባይ ሲመረመር ደግሞ የሕዝብ ጤና መሣሪያ ሆኗል። ልዩነቱን ያመጣው ግልጽነት ነው።

ፋብሪካው የሠራው መድኃኒት

ዘመናዊው ሕክምና የራሱን መንገድ ይዞ መጥቷል። ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሽሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወቀ። ከጊዜ በኋላ በስሙ ኤሽሪሺያ ኮላይ የተባለው ይህ ባክቴሪያ ዛሬ የአብዛኛው ተራ የሽንት ሕመም መንሥኤ መሆኑ ይታወቃል። በአገራችን የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከአድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 መጡ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1910 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1935 የሰልፋ መድኃኒት ለዓለም ተገለጠ፤ በ1953 ናይትሮፉራንቶይን ተከተለ። የጥንቱ ሰው ሳምንታት ሲሠቃይበት የነበረው ሕመም በጥቂት ቀናት እንክብል የሚድን ሆነ።

ይህ ድል ግን በራሱ አልጸናም። እንክብሉ እንደ ገብስ ውሃ በጓዳ መኖር ጀመረ። ጎረቤት ለጎረቤት የተረፈውን ያካፍላል፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ ሕመሙ ሲቀልል ይቋረጣል። በዚህም ምክንያት በአገራችን ሆስፒታሎች ከሽንት ናሙና የሚገኙት ባክቴሪያዎች አምፒሲሊንንና አሞክሲሲሊንን የመሳሰሉትን መድኃኒቶች በብዛት ተለማምደዋል። ያው የድሮው ምሥጢር ልብሱን ቀይሮ መጣ ማለት ነው። ትናንት ዕፁን ሸሽጎ ይጠጣ የነበረው ዛሬ እንክብሉን ሸሽጎ ይውጣል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት በአልማ አታ ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ባህላዊ አዋቂዎችም እንደ አስፈላጊነታቸው ተገቢውን ሥልጠና አግኝተው ሊሳተፉ እንደሚችሉ በመግለጫው አሠፈረ። የአሠራሩ ቁም ነገር ባህሉን በጅምላ ማወደስ ወይም በጅምላ መጣል አይደለም። ፍሬውን ከገለባው መለየት ነው። የገብስ ውሃው ፍሬ ነው፤ ጨረቃዋ ገለባ ናት፤ የእንዶድ ጽዋ ደግሞ እንክርዳድ ነው።

እስኪመሽ መጠበቅ

የታሪኩ መራራ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ጓዳው «ብዙ ጠጪ» የሚለውን መድኃኒት ካወቀ ዘንድ ሴቶች ስለ ምን ደጋግመው ታመሙ?

የገጠሪቱ ሴት ቀኑን በሰው ዓይን መካከል ትውላለች። መፀዳጃ በሌለበት መንደር ወንዱ ጥጉን ተጠግቶ ጉዳዩን ይፈጽማል፤ ማንም ልብ አይለውም። ሴቷ ግን ነውር ነውና እስኪመሽ ትጠብቃለች። ለመጠበቅ ደግሞ ውሃ አለመጠጣት ይኖርባታል። ገበያ የምትሄደው እናት፣ በር የማይዘጋ መፀዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት የምትማረው ልጅ፣ ከንፈራቸው እየደረቀ ይውላሉ። እንግዲህ ባህሉ በአንድ እጁ የገብስ ውሃ እየሰጠ በሌላው እጁ እንስራውን ይነጥቃል። ጨለማ ተጠብቆ በተወጣበት ሰዓት ደግሞ ጨረቃዋ ከላይ ቆማለች፤ ሕመሙ ሲመጣም ጥፋቱ ወደ ጨረቃ ዞረሽ መሽናትሽ ነው ይባላል። ሴቲቱን ቀን ነውር ከለከላት፤ ሌሊት ተረት ከሰሳት።

ስለዚህ የሽንት ሕመም ታሪክ የዕፀዋት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ መድኃኒቱን አጥቶ አልታመመም። ያጣው መድኃኒቱን የሚጠጣበትን ነፃነት ነው፤ በሩ የሚዘጋ መፀዳጃ፣ ሕመሙን በስሙ የሚጠራ አንደበት፣ ሰምቶ የማያፍር ጆሮ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ደባቂውን ሲወቅስ እንዲደብቅ ያስገደደውን አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ማንሣት የቀበሌው መሪ፣ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ነው። መሪው የውሃ ቧንቧና የመፀዳጃ ዕቅድ ሲያወጣ ይህን ሕመም በዕቅዱ ውስጥ ይቁጠረው። መምህሩ በክፍል ውስጥ ስለ ፊኛና ስለ ኩላሊት ሲያስተምር ልጃገረዶቹን አያስቀርቅር፤ ውሃ ጠጥተው የሚውሉበትን ትምህርት ቤት ይጠይቅላቸው። ጸሐፌ ተውኔቱም በመድረክ ላይ ለሳቅ ብቻ የሚጠራውን ሕመም በክብር ይጥራው። እናቶችም በሕይወት ሳሉ የጓዳው ዕውቀታቸው ከአንደበታቸው ይሰብሰብ፤ በቤተ ሙከራ ይፈተን፤ የሚጠቅመው ይጻፍ። ብራናው ለደብተራው የሰጠውን ስፍራ የዛሬው ወረቀት ለእናቲቱ ሊነፍጋት አይገባም።